አሮጌዋ ላፕቶፕ እና ያቺ አንድ ፐርሰንት

ትናንት ማታ በዋናው ላፕቶፔና የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ማስቀመጫ ባደረግኳት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለው የፋይል ብዛት ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል መጣ። እዚህ 11,847፣ እዚያም 11,847። ብቻዬን ክፍል ውስጥ አጨበጨብኩ። ሰው ቢያየኝ ለይቶለታል ይል ነበር። እዚህ ለመድረስ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሄደው ደግሞ በአንድ ችግር ነው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበልና እሱ ላይ ልቀመጥ።

ማሽኗ አሮጌ ትንሽ ላፕቶፕ ናት። ራሟ 2 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኳ 500 ጊጋ። ስክሪኗ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወርዶበታል። ኪቦርዷ ሦስት ቁልፍ ጎድሎታል። ዊንዶውስ እስኪከፈት ፊቴን ታጥቤ እመለስ ነበር። ለሰው ልስጣት ብል የሚቀበለኝ የለም፤ ልጣላት ብል አንጀቴ እምቢ አለኝ። እናም ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛች።

ለባክአፕ ግን ጉልበት አያስፈልግም። ሥራው ፋይል ተቀብሎ ማስቀመጥ ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ ስክሪኑም ኪቦርዱም ትርፍ ነው፤ ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ገብታችሁ ታዛላችሁ። ላፕቶፕ ኤሌክትሪክ ብዙ አይበላም። ባትሪው ደህና ከሆነ መብራት ሲቋረጥም ሥራውን አያቋርጥም። የእኔዋ ባትሪ አብጦ ስለነበር ነቅዬ አወጣሁት፤ አሁን በቻርጀር ብቻ ነው የምትሠራው። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ «ትንሽ ጊዜ ያገለግለኛል» አትበሉ። እኔ ብዬ ነበር። ላፕቶፗ ጠረጴዛ ላይ መወዛወዝ ስትጀምር ነው የነቃሁት።

ዊንዶውሱን አጥፍቼ በቦታው ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ያለ ዴስክቶፕ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራውን ጫንኩ። አንድ ነገር ቀድማችሁ እዩ፦ ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ከሆነ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 አይጫንለትም፤ 12ኛው ግን ይጫናል። ክዳኗ ሲዘጋ እንዳትተኛም ሴቲንጉን መቀየር አለባችሁ። እኔ ይህን ረስቼ ክዳኗን ከድኜ፣ ለምን ጠፋች እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ዋይፋዩን ስረግም ነበር።

ፋይል ለማመላለስ የመረጥኩት ሲንክቲንግን ነው። ከ2013 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። አካውንት ክፈት አይልም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለው፣ ከማሽን ወደ ማሽን አመሳጥሮ ይልካል። በጣም እወደዋለሁ። ግን እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ፣ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፦ ሲንክ፣ ማለትም የሁለት ማሽን ፋይሎችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ባክአፕ አይደለም።

ይህን የተማርኩት እንዲህ ነው። ስልኬ ሞላ። ፎቶዎቹ አሮጌዋ ላይ አሉ ብዬ ተማምኜ ወደ 600 ፎቶ ከስልኬ አጠፋሁ። ሲንክቲንግ ታዛዥ ነው፤ ሻይ ሳልጨርስ ከአሮጌዋም አጠፋልኝ። የስልኩ የፎቶ አፕ የተደመሰሰውን ለተወሰነ ቀን ባያቆይልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በአሮጌዋ በኩል ፎልደሩን «መቀበል ብቻ» ብታደርጉትም አያድንም። ማጥፋትንም ይቀበላል። የሚያድነው በተቀባዩ በኩል የፋይሉን የቀድሞ ቅጂ እንዲያስቀር ማዘዝ ነው። በላኪው በኩል ብታዙት ዋጋ የለውም፤ የሚያስቀረው ከሌላ ማሽን የመጣ ለውጥ ሲነካው ብቻ ነውና። እኔ መጀመሪያ በላኪው በኩል ነበር ያዘዝኩት። አዎ።

ከዚያ በላይ በየሌሊቱ አርሲንክ የሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ሁሉንም አሮጌዋ ላይ በዩኤስቢ ወደተሰካ የውጭ ዲስክ ይገለብጣል። አርሲንክን አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማኬራስ በ1996 ነው ያወጡት፤ እስካሁን የሚያህለው አላየሁም። በየቀኑ አዲስ ፎልደር ይሠራል። ያልተለወጠውን ፋይል ግን ደግሞ አይገለብጠውም፤ ካለው ጋር ያያይዘዋል። የሠላሳ ቀን ሙሉ ቅጂ ይመስላል፣ የሚይዘው ቦታ ግን ከአንዱ ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደ ነገሬ።

በዋናው ላፕቶፔ የሲንክቲንግ ገጽ ላይ ሲታይ የአሮጌዋ ሁኔታ «99 ፐርሰንት» ይላል። አንድ ሳምንት 99። ሁለት ሳምንት 99። ሦስት ሳምንት። ያው ሲያጠጋጋ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ፐርሰንት ምን ሊሆን ነው? ያልተሳካው ፋይል ዝርዝር የሚታየው በተቀባዩ ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ የአሮጌዋን ገጽ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ከፍቼው አላውቅም።

አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ፋይሎቹን ቆጠርኩ። እዚህ 11,846፣ እዚያ 11,809። 37 ጎደለ። የትኞቹ እንደሆኑ ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ሠላሳ ሰባቱም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው። የአባባ ድምፅ።

እህቴ አባባ ከማረፉ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ሲያወራ ትቀዳው ነበር። ወደ 140 የድምፅ ቅጂ አለ። ቤቱ ቢቃጠል ምን ታወጣለህ ብትሉኝ ያንን ፎልደር ነው። ታዲያ እህቴ ለፋይል ስም ስታወጣ ርዕስ አትሰጥም፣ ታሪኩን ትተርከዋለች። አንዱ ይኸው፦

«አባባ ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ደብተሩ ዝናብ ውስጥ ወድቆበት እያለቀሰ ቤት ሲመለስ እናቱ ምን እንዳለችውና እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላት ሲያስታውስ ሁለተኛ ክፍል»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፊደላችንን ነው። የአሮጌዋ ጥቁር ስክሪን ላይ የአማርኛው ስም በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ሊኑክሱ አማርኛ አይችልም ማለት ነው አልኩ። ሁለት ምሽት ፎንት ስጭን አደርኩ። የፎንት ጉዳይ ከማስቀመጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሳጥን ሆኖ የሚታየውም ፋይል ውስጡ ትክክለኛ ፊደል ነው። ይህን ለማወቅ ሌሎቹን የአማርኛ ስም ያላቸውን አንድ መቶ ቅጂዎች ማየት ይበቃኝ ነበር። እነሱ ደርሰዋል እኮ! ከዚያ የፈቃድ ችግር ነው አልኩ። ከዚያ ዲስኩ ሞልቷል አልኩ፤ ገና ግማሹ ባዶ ነው። በመጨረሻ ፎልደሩን ከአሮጌዋ ላይ ነቅዬ እንደ አዲስ አስላክሁት። ያው 37 ጎደለ። እነዚያው 37።

ፍንጩን የሰጠኝ የእህቴ ድካም ነው። የደብተሩ ታሪክ ሦስት ክፍል አለው። አንዱ «አንደኛ ክፍል» ይላል፣ አንዱ «ሁለተኛ ክፍል»። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መጻፉ ሰለቻት መሰለኝ፣ «ሲያስታውስ 3» ብላ ጨረሰችው። አንደኛውና ሁለተኛው አልደረሱም። ሦስተኛው ደርሷል።

ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርጌ አፈጠጥኩባቸው። ያኔ ነው የአሮጌዋን ገጽ የከፈትኩት። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተደርድሮ አንድ ዓይነት ነገር ይላል፦ የፋይሉ ስም ከልክ በላይ ረዝሟል።

ይባስ ተናደድኩ። የሊኑክስ የፋይል ስም ወሰን 255 እንደሆነ አውቃለሁ። እህቴ ያወጣችው ስም ክፍት ቦታው ተደምሮ 103 ነው። ታዲያ ምኑ ነው የረዘመው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፣ ኮምፒውተር መረጃን የሚለካበት ትንሽ መስፈሪያ። ስሙ የሚጻፈው ደግሞ በዩቲኤፍ ስምንት ነው፤ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ያወጡት አጻጻፍ። በእሱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል። የግሪክ፣ የሩሲያ፣ የዓረብ፣ የዕብራይስጥ ሁለት። የእኛ ሦስት። ቁጥርና ክፍት ቦታ አንድ አንድ። የዊንዶውስ ዲስክ ግን የእኛንም ፊደል እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው። እህቴ ዊንዶውስ ላይ ስትጽፍ ማንም ያላስቆማት ለዚህ ነው።

ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። 82 ፊደል በሦስት ሲባዛ 246። 21 ክፍት ቦታ፣ 267። የድምፅ ፋይል መሆኑን የሚያሳየው ቅጥያ ከነነጥቡ 4፣ 271። ከ255 በ16 ያልፋል። አሁን «ሁለተኛ ክፍል» የሚለውን አውጥታችሁ በቦታው «2» ብላችሁ ደምሩት። 250። ይገባል! በሁለት ቃልና በአንድ ቁጥር መካከል የአባቴ ድምፅ ሲቀር ሲደርስ ከርሟል።

ስለዚህ በእኛ ፊደል የስም ወሰኑ 255 አይደለም፤ ክፍት ቦታ ባይኖረው እንኳ 85 ነው። አንድሮይድ ስልክም ሥሩ ሊኑክስ ስለሆነ ከዚህ አይለይም። የፋይል ስም በሚያመሰጥረው ኢክሪፕትኤፍኤስ ላይ ካስቀመጣችሁ ደግሞ ወሰኑ ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ 47 ፊደል ብቻ። እኔ አሁን የፋይል ስም ከ40 ፊደል አላሳልፍም።

መፍትሔውም የራሱ ጉድ ነበረው። መጀመሪያ ብልጥ ልሁን ብዬ የረዘመውን ስም ከጫፉ የሚቆርጥ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጻፍኩ። አስቡት፤ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚለያዩት ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ስማቸው አንድ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጻፈ። 37 ፋይል ገብቶ 29 ወጣ። እግዜር ይመስገን፣ ዋናዎቹ ላይ ሳይሆን በተባዙት ላይ ነበር የሞከርኩት። ሁሉንም ዚፕ አድርገው፣ ማለትም በአንድ ፋይል ጠቅልለው፣ የሚሉ አሉ፤ አልወደውም። አንድ ትልቅ ፋይል ሲበላሽ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ደግሞም ምን እንዳለ ሳትከፍቱት አታዩትም።

ለእህቴ ደወልኩላት።

«ስሙን ካሳጠርክብኝ የቱ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከስሞቹ ውስጥ ግማሾቹ ከቅጂው በላይ የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ ለፋይሉ የተቀዳበትን ቀንና አጭር ስም ሰጠን፣ «ደብተሩ 2» እንደማለት። የእሷን ረጅም ስም አንድም ቃል ሳንቀንስ «ዝርዝር» በሚባል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ በየተራ ጻፍነው። ጽሑፍ ውስጥ ወሰን የለም፤ የፈለገችውን ያህል ትተርክ። ቁጥሩ ከ11,846 ወደ 11,847 ያደገው በዚያች ፋይል ነው። አሁን በየሌሊቱ ከአርሲንክ በፊት አንዲት ትንሽ ስክሪፕት የሁሉንም ስም በባይት ትቆጥርና ከ200 ያለፈውን ትነግረኛለች። በፊደል እንዳትቆጥር ተጠንቀቁ፤ እኔ መጀመሪያ በፊደል ነበር ያስቆጠርኳት፣ ሁሉም ሰላም ነው ትለኝ ነበር።

ስለቀረው ባጭሩ። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ሕግ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። እኔ ሦስት ቅጂ አለኝ። ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ የሚለውን አላሟላሁም፣ ሁሉም ዲስክ ነው። ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ያገለገለ ዲስክ ነው፤ አመሳጥሬው እህቴ ቤት ነው ያለው፣ በየወሩ ከሌላኛው ጋር ልቀያይረው ነበር ሐሳቤ። ያለፈው ወር አልሄድኩም። የዚህንም ወር እንጃ። አሮጌዋ ላይ የተሰካው የውጭ ዲስክ ደግሞ በየመሃሉ ይጠፋ ነበር። አሮጌው ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ዲስኩ ሲነሳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ስሰካለት ተረጋጋ። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ገንዘብ ለዲስኮቹና ለማከፋፈያው ብቻ ነው።

መልሶ ማውጣትን ሞክረሃል ወይ ለምትሉኝ፣ የአባባን አምስት ቅጂ ከውጭ ዲስኩ አውጥቼ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ሥራ ነው ብዬ ጀምሬ አምስተኛው ላይ ሥራ መሆኑን ረስቼው ነበር። ፎቶዎቹን ግን አልሞከርኩም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ገጹን አየሁት። 99 ፐርሰንት ይላል። እህቴ የድሮ ስልኳ ውስጥ አንድ የአባባ ድምፅ አግኝታ ከራሷ ላፕቶፕ ፎልደሩ ውስጥ ጨምራለች። ስሙን ቆጠርኩት። ክፍት ቦታው ሳይጨመር 91 ፊደል ነው።