በመርከብ ላይ የልጄ ዕድሜ ሃያ ሆነ

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ቤተሰቡን ሰብስቦ ከማያሚ ወደ ባሃማስ በሚሄድ የመዝናኛ መርከብ ሲወስደን፣ ከጎንደር የሄድነው እኔ፣ ባለቤቴና የበኩር ልጃችን ነበርን። ከዚያ በፊት በውኃ ላይ የተጓዝሁት ከጎርጎራ ተነሥቶ ጣናን በሚያቋርጥ ጀልባ ብቻ ስለ ነበር፣ ስለ ማዕበልና ስለ ማቅለሽለሽ ብዙ ተጨነቅሁ፤ ያስቸገረኝ ግን የልጄ ዕድሜ ሆነ።

ልጃችን የተወለደው ኅዳር 12 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ስለሆነ፣ መርከቡ ሲነሣ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ወንድሜ ግን የመርከቡን ምዝገባ በኢንተርኔት ሲሞላ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ልጁ እኮ ገና ሃያ ነው፤ ፓስፖርቱ እንደዚያ ይላል» አለኝ። የፓስፖርቱን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርሁ። የእኛን ዓመት ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስንመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት እንደሚጨመር እያወቅሁ፣ ለኅዳር ስምንት ጨምሬ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2001 መባል የነበረበትን 2002 አድርጌዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሒሳብ ሠራተኛነት የኖርሁ ሰው መሆኔን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ለማሳረም አሰብሁና ተውሁት። ቪዛውም የአውሮፕላን ትኬቱም በተሳሳተው ቀን ስለተሠሩ፣ አንዱን ብቻ ማረም ሰነዶቹን እርስ በርስ ማጋጨት ይሆን ነበር። የክርስትና ካርዱን ይዤ ብሄድም ሰሚ አላገኝም፤ የመርከቡ ሰዎች የሚያዩት ፓስፖርቱን ነው።

ቀጥዬ ያደረግሁት በመርከብ ላይ አልኮል ለመጠጣት ስንት ዓመት እንደሚጠየቅ የሚወስነውን ደንብ ማጥናት ነበር። መርከቡ በባሃማስ የተመዘገበ ነው፤ ከኋላው በትልቁ የባሃማስ ዋና ከተማ ስም፣ «ናሶ» ተብሎ ተጽፎበታል። በባሃማስ ደግሞ አልኮል ለመጠጣት አሥራ ስምንት ዓመት ይበቃል። ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማው ከፈቀደ መርከቡም ይፈቅዳል ብዬ ነበር። ጉዳዩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የመርከብ ኩባንያዎች የዕድሜውን ወሰን በአብዛኛው የሚያስሩት መርከቡ ከሚነሣበት ወደብ ጋር ነው። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን ከሰሜን አሜሪካ ለሚነሡ ጉዞዎቹ ሃያ አንድ ዓመት ሲጠይቅ፣ ከአውሮፓ ለሚነሡት አሥራ ስምንት ይበቃዋል። የአሜሪካው ሃያ አንድ የመጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፌዴራል ሕግ ነው፤ ሕጉ ከዚህ በታች ለሚፈቅዱ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጠውን የአውራ ጎዳና ገንዘብ ስለሚቀንስ ሁሉም ወሰናቸውን ወደ ሃያ አንድ አነሡ። መርከቡ ከባሕር ዳርቻው ዐሥራ ሁለት የባሕር ማይል አልፎ ክፍት ባሕር ቢገባም፣ የኩባንያው ደንብ አብሮት ይሄዳል። ኖርዊጂያን የተባለው ኩባንያ አብሮ የሚጓዝ ወላጅ ፈርሞ ከፈቀደ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ዓመት ላሉ ወጣቶች በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ቢራና ወይን ብቻ ይፈቅዳል፤ የእኛ መርከብ ይህ አልነበረውም።

ደንቡ በመጠጥ ብቻም አላበቃም። ከወላጆች ጎን ካልሆነ በቀር በየካቢኑ፣ ማለትም በየመኝታ ክፍሉ፣ ቢያንስ አንድ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው መኖር ስላለበት፣ ልጄና የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ለብቻቸው ሊይዙት ያሰቡት ካቢን ከእኛው ጎን እንዲሆን አስቀድመን አስለወጥን። የመጠጥ ፓኬጁንም ለልጁ ለስላሳውን ብቻ ገዛን።

በወደቡ ለእያንዳንዳችን ካርድ ተሰጠን። ካርዱ የበር ቁልፍም የገንዘብ ቦርሳም ነው፤ የትውልድ ቀንም ተይዞበታል። የባር አስተናጋጁ ሲያስነካው ዕድሜውን ማሽኑ ይነግረዋል፤ ፊት አይቶ የሚገምት ሰው የለም።

ይህን ሁሉ አጥንቼ ግን በሁለተኛው ምሽት ራት ላይ ወደቅሁ። ወይን አዝዤ ነበር፤ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ፣ በማኅበር ቀን የጠላ ዋንጫ እንደምናቀብለው ሁሉ፣ «እስኪ ቅመስ» ብዬ ብርጭቆውን ለልጄ ሰጠሁት። አስተናጋጁ ጠጋ ብሎ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለና ጭማቂ አስቀመጠለት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ከተደገመ የእኔም ካርድ ለአልኮል እንደሚዘጋ ነገረኝ። ልጄ «አባዬ፣ ነግሬህ ነበር» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ነግሮኝ ነበር። በጣም ያፈርሁት ግን በኋላ፣ በካቢናችን ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ የእኛም ሕግ ትዝ ሲለኝ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ጎንደር ላይ ግን መታወቂያ አሳየኝ ብሎ ቢራ የከለከለ ግሮሰሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ደንቡን የፈረንጅ ጭንቀት አድርጌ የቆጠርሁት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በማግስቱ ናሶ ወረድን። እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ስለሚበቃ ልጄ ከአጎቱ ጋር ተቀምጦ አንድ ቢራ ጠጣ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ መርከቡ ሲመለስ በመግቢያው ካርዱን ሲያስነካ ደግሞ እንደገና የማይፈቀድለት ሆነ። ወንድሜ የገዛውን አንድ ጠርሙስ ሮም እንኳ የፍተሻ ሰዎች በስሙ መዝግበው ተቀበሉት፤ የተመለሰለት በመጨረሻው ምሽት ነው።

ከጎንደር ውጭ ለመጓዝ የሚያስቡ ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ፣ መርከቡ ከየት ወደብ እንደሚነሣ አስቀድመው እንዲያጣሩና የኩባንያውን መልስ በጽሑፍ እንዲይዙ እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፓስፖርቱ ላይ የታተመውን ዓመት ከክርስትና ካርዱ ጋር አቀራርበው እንዲያዩ አደርጋለሁ፤ በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ብዙዎች እርግጠኛው ወረቀት እሱ ነው።

የልጄ ታናሽ እህት የተወለደችው በጥቅምት ነው። ዘንድሮ የፓስፖርት ቅጿን የሞላው ወንድሟ ሲሆን፣ እኔ ሰባቱን በጣቴ ቆጥሬ አረጋገጥሁ፤ እሱም ከእኔ ተቀብሎ እንደገና ቆጠረ።