ጠብቆ ያልጠበቀው ቪት

ጠመንጃዬ አንድ ቦታ መምታት ሲያቅተው ጥፋቱን ሁሉ መጀመሪያ በስኮፑ፣ ማለትም ላዩ ላይ በተሰቀለው የማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ነበር የደፈደፍኩት። በ100 ሜትር ሦስት ጥይት እተኩሳለሁ፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ ሦስተኛው አንድ መዳፍ ያህል ወደ ላይ ይርቃል። በሚቀጥለው ዙር ሦስቱም ተበታትነው አገኛቸዋለሁ። ትንፋሼን ጠረጠርኩ፣ የቃታ አሳሳቤን ጠረጠርኩ፣ ጥይት ቀየርኩ። በመጨረሻ ስኮፑን አውርጄ የጓደኛዬን ሰቀልኩበት። ያው ነው! ሁለት ስኮፕ በአንድ ሳምንት አይበላሽም ብዬ ወደ ታች መፈታታት ጀመርኩ።

ስኮፑን አቅፈው የሚይዙት ቀለበቶች ደህና ነበሩ። ከሥራቸው ጠመንጃው ላይ በቪት የሚታሰረው የፊተኛው መቀመጫ ግን በአውራ ጣቴ ስገፋው በፀጉር ስፋት ተነቃነቀ። ቪቱን በካቻቢቴ ብሞክረው ደግሞ ድርቅ ብሏል፤ ንቅንቅ አይልም። ግራ ገባኝ። ፈትቼ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው የገባኝ፦ ከመቀመጫው ጋር ከመጡት አራት ቪቶች ሁለቱ አጠር ይላሉ። እኔ ሳላስተውል ረጅሙን በፊተኛው ቀዳዳ ከትቼዋለሁ። ያ ቀዳዳ ጥልቀት የለውም፤ ከሥሩ የበርሜሉ ጥርስ ነው። ቪቱ ከታች ብረት ነክቶ ቆመ፣ እጄም «ጠበቀ» አለኝ፣ መቀመጫውን ግን ገና አልተጫነውም ነበር። አሁን መቀመጫ ስገጥም እያንዳንዱን ቪት አስቀድሜ ያለ መቀመጫው በባዶው ቀዳዳ አስገብቼ ስንት ዙር እንደሚሄድ እቆጥራለሁ። መቀመጫው ከገባ በኋላ የሚዞረው ዙር ከዚያ ካላነሰ፣ ቪቱ የሚጫነው መቀመጫውን ሳይሆን የቀዳዳውን ወለል ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርጫዬን ከታች ወደ ላይ አደረግሁት። አንዳንድ ጠመንጃ ክብ ጀርባው ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ መቀመጫ ለብቻው ይፈልጋል። እንደ ሲዜድ 550 ያለው የቼክ አደን ጠመንጃ ግን ብረቱ ላይ 19 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መያዣ ተቀርጾለታል፣ ቀለበቱ በቀጥታ ይነክሰዋል፤ መሃል ላይ የሚላቀቅ ነገር የለም። ሐዲድ፣ ማለትም አግድም ቦዮች የተቆረጡበት ረጅም መቀመጫ፣ የመረጠ ደግሞ ዊቨርና ፒካቲኒ የሚባሉትን ሁለት ዓይነቶች አንድ አድርጎ እንዳያይ። የፒካቲኒ ቦይ 5.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የዊቨር 4.6። ስለዚህ የዊቨር ቀለበት ፒካቲኒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይቀመጣል፤ የፒካቲኒው ቀለበት ቦዩን የሚያቋርጠው ወፍራም ዘንግ ግን ዊቨር ቦይ ውስጥ አይገባም። ቦዩ ሰፍቶ ክፍተት ከተረፈ፣ ከማጥበቅ በፊት ቀለበቱን ወደ አፈሙዙ ገፍቶ ማስጠጋት ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ስኮፑ ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ እኛ ካላስጠጋነው ራሱ ይጠጋል፣ ዒላማውንም ይዞ ይሄዳል።

ስለ ስኮፑ ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው፦ የምናጎላውን እናበዛለን። የመጀመሪያዬ ከ6 እስከ 24 እጥፍ ነበር፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር። አንድ ምሽት አጋዘን ከጫካው ዳር አርባ እርምጃ ላይ ወጣ። ስኮፑ 24 ላይ እንደተረሳ ነው። ያየሁት ቡናማ ፀጉር ብቻ፤ ደረቱ ይሁን ታፋው ሳልለይ ሄደ። እሱ አልቸኮለም እንኳ። ከሚታየው ስፋት በላይ ደግሞ ብርሃኑ አለ። የፊት ሌንሱ ለእጥፉ ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ይገኛል፦ 50 ለ24 ሲካፈል 2 ሚሊሜትር። በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ የኔ ዕድሜ ላይ ያንሳል፣ ቢሆንም ከ2 ይበልጣል። አሁን ያለኝ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ሲሆን የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር ነው። ስጓዝ 4 ላይ አኖረዋለሁ፤ ክቡ 10 ሚሊሜትር ነው፣ ዓይኔ ትንሽ ቢዛነፍም ምስሉ አይጠቁርም።

ሌላው የማልደራደርበት የዓይን ርቀት፣ ማለትም ምስሉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ዓይኔ ከኋለኛው ሌንስ የሚርቅበት ልክ ነው። ጠመንጃዬ 30-06 የተባለውን ኃይለኛ ጥይት ስለሚተኩስና ወደ ኋላ ስለሚመታ ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር እፈልጋለሁ። ቅንድቤ ላይ ያለችው ግማሽ ጨረቃ ጠባሳ የመጣችው ተጋድሜ ወደ ዳገት ስተኩስ ስኮፑ መትቶኝ ነው፤ ቆሜ የለካሁት ርቀት ተጋድሜ ያው አልሆነም።

የቀለበት ቁመት ላይ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ፣ የፊት ሌንሱ በርሜሉን እስካልነካና የመቀርቀሪያው እጀታ ሲነሳ የዓይን ሌንሱን እስካልመታ ድረስ። የድሮ ማውዘር ላይ ይህ የኋለኛው ከባድ ነው፤ እጀታው ለስኮፕ ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ ካልታጠፈ አይሆንም። የስኮፑ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 25.4 ወይም 30 ሚሊሜትር ስለሚሆን ቀለበት ከመግዛት በፊት መለካት ነው።

ስገጥም የመቀመጫውን ቀዳዳ ዘይት በደንብ እጠርጋለሁ፣ የመቀመጫ ቪት ላይ ብቻ የሚፈታውን ዓይነት ማጣበቂያ ጠብ አደርጋለሁ። ከ25 ሜትር ርቀት ቱንቢ አንጠለጥላለሁ፣ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክዬ በስኮፑ ውስጥ የሚታየውን መስቀል ቁም መስመር ከቱንቢው ክር ጋር አገጥማለሁ። የቀለበቱን ቪቶች በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እስከ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ፤ አምራቹ የጻፈው ካለ የሱ ይቀድማል። በእጅ ግምት ያጠበቅኩት አንድ ቱቦ ላይ የቀለበት አሻራ ቀርቷል።

ከዚያ መጀመሪያ በ25 ሜትር፣ ቀጥሎ በ100 እየተኮስኩ አስተካክላለሁ። የኔ ስኮፕ ማስተካከያ እያንዳንዷ ጠቅታ የጥይቱን ማረፊያ በ100 ሜትር 7 ሚሊሜትር ያህል ታንቀሳቅሳለች። አጭሩን ቪት ከመለስኩ ወዲህ ሦስቱ ጥይቶች በሳንቲም ባይሸፈኑም በክብሪት ሳጥን ይሸፈናሉ።

የቀረኝ ጉንጬ ነው። ቀለበቱ ዝቅ ቢልም ሰደፉ ለተራ ማነጣጠሪያ የተሠራ ስለሆነ አንገቴን ማንሳት ይጠበቅብኛል። ለጊዜው ስፖንጅ አድርጌ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ያምራል አልልም።