ሄዳ ትጫንልህ

የተከራየነው ሰርቨር ጀርመን ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። የመሥሪያ ቤታችን ኢሜይል በሙሉ እሱ ላይ ነው። ሊኑክሱን ስጭን ዲስኩን ያከፋፈልኩት እኔው ነኝ፤ የተጠቃሚዎች ፋይል ለሚቀመጥበት ለሆም 400 ጊጋ፣ ፕሮግራሞች ለሚያከማቹበት ለቫር 20። ኢሜይሉም ሎጉም (የሰርቨሩ የውሎ መዝገብ) የሚከማቸው ቫር ውስጥ መሆኑን ያኔ ማን አሰበ? ሆም ባዶ አዳራሽ ሆኖ ሲያስተጋባ ቫር 98 በመቶ ሞላ።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከሆም ቆርጬ ለቫር ልሰጥ ተነሣሁ። ፋይሎቹ የተደራጁበት ኢኤክስቲ 4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ሥራ ላይ እያለም ያድጋል፤ ለማጥበብ ግን መነቀል አለበት። አንማውንት (ተነቀል) ስለው «ቢዚ ነው» አለኝ። በዚህ ሌሊት ሆም ውስጥ ማን አለ? ጠላፊ ገባ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ዝርዝሩን ሳወጣው ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ። እዚያው ፎልደሬ ውስጥ ተጎልቼ ነው ለካ ቤቱን ልቀቁ የምለው።

ወጥቼ በሩት፣ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ገባሁ። መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ይጠባል፣ ከዚያ ነው ከሥሩ ያለው ቮልዩም (የዲስኩ ድርሻ) የሚቆረጠው። ከተገለባበጠ ሰው ተኝቶበት አልጋ እንደመቁረጥ ነው። ይቺን እንኳ አልሳትኩም። ቫር 200 ጊጋ ሆነ።

እዚያ ላይ ብተኛ ምን ነበረበት! ለባክአፕ አንድ ክፍል ልጨምር አልኩ። የክፍሉን መለያ ቁጥር ኤፍኤስታብ ላይ፣ ሰርቨሩ ሲነሣ የሚከፍታቸው ክፍሎች በተዘረዘሩበት ፋይል ላይ ልጽፍ ስል መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ። በስልኬ ዳታ ገባሁና ያንን ከነሰረዙ 36 ፊደልና ቁጥር የሆነ መለያ በአውራ ጣቴ ለቀምኩት። ሪቡት።

ፒንግ፣ አለህ ወይ አልኩት። ዝም። አምስት ደቂቃ፣ አሁንም ዝም። ዲስኩን 90 ሰከንድ ጠብቆ ሲያጣው ኢመርጀንሲ ሞድ ገብቶ፣ ማንም በማያየው ስክሪን ላይ የሩት ፓስወርድ እየጠየቀ ነው። ኤፍኤስታብ ላይ «ኖፌይል» የምትል አንዲት ቃል ብጨምር ኖሮ ክፍሏን ትቶ ይነሣ ነበር።

በአከራዮቹ መቆጣጠሪያ ገጽ (ፓነል) በኩል ለጥገና የሚነሣበት ሬስኪዩ ሞድ ላስገባው አልኩ። የፓነሉ ፓስወርድ የት ነው? ሰርቨሩ ላይ ያለ ፋይል ውስጥ። «ረሳሁት» የሚለውን ተጫንኩ። ኢሜይል ልከንልሃል አለኝ። ኢሜይሉስ? እዚያው ሰርቨር ላይ።

እማዬ ሻማ ይዛ ብቅ አለች።

«ምን ሆነህ ነው የምትንቆራጠጠው?»

«ሰርቨሩ አልነሣ አለኝ፣ እማ።»

«የት ነው ያለው?»

«ጀርመን።»

«የአክስትህ ልጅ ፍራንክፈርት አይደለች እንዴ? ሄዳ ትጫንልህ።»

ሳቅሁ። ያኔ የሳቅሁት ያ ብቻ ነው።

አከራዮቹ ጋ ደወልኩ። ማንነትህን እናረጋግጥ፣ ኢሜይልህን ክፈት አሉኝ። የፓስፖርቴን ፎቶ ተቀብለው በር እስኪከፍቱልኝ ነጋ። ሬስኪዩ ገብቼ ኤፍኤስታብን ሳየው፣ በዜሮ ቦታ «ኦ» ጽፌያለሁ። መለያው ውስጥ የሚገባው ቁጥርና ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ፊደል ብቻ ነው። ኦ የሚባል እዚያ ሰፈር ጭራሽ አልተወለደም!

አስተካክዬ ሪቡት አደረግሁት። ተነሣ። ላፕቶፔን ዘግቼ ጋደም ስል ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«እትዬ በሌሊት ደውለውልኝ ባቡር ላይ ነኝ። የትኛው ቁልፍ ነው የሚጫነው?»