የበሽሎ ነጭ ዓሣ

ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተነሥተን በኩታበር በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ወረድን። በተከራየነው መኪና ውስጥ 74 ዓመት የሞላቸው አባቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆነው አጎቴ፣ የ11 ዓመት ልጄ፣ ሾፌሩና እኔ ነበርን። ከኋላ መቀመጫው ሥር ሁለት ተገጣጣሚ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች፣ መንጠቆና እርሳስ የያዘች ትንሽ ሣጥን፣ አንድ ሰፊ መጥበሻ፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣና እህቴ ሌሊት ተነሥታ የጋገረችው እንጀራ ተቀምጠዋል። ዘንጎቹን ከቨርጂኒያ ድረስ በሻንጣ ይዘናቸው የመጣነው ለዚህ ቀን ነበር።

ዓሣ ማጥመድን የተማርሁት ወሎ ውስጥ አይደለም። ደሴ ተወልጄ ሳድግ የማውቀው ወንዝ ቦርከና ሲሆን፣ ለእኛ ለልጆች በበጋ ልብስ የሚታጠብበት፣ በክረምት ደግሞ እናቶቻችን እንዳንጠጋው የሚያስጠነቅቁን ውኃ ነበር፤ ከውስጡ ምግብ ይወጣል ብሎ የነገረን ሰው አላስታውስም። ወደ ቨርጂኒያ ከሄድሁ በኋላ ግን አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ አዛውንት በዕረፍት ቀኑ ወደ ሸናንዶዋ ወንዝ ይዞኝ ሄደ፤ እስከ ጉልበታችን ውኃ ውስጥ ቆመን ስሞልማውዝ የሚባለውን የባስ ዓሣ ስንፈልግ ዋልን። ይህ ዓሣ መልኩ ነሐስ የመሰለ፣ በጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች ያሉት፣ ዓይኑም ብዙ ጊዜ የሚቀላ ነው፤ «ትንሽ አፍ» የተባለውም የላይኛው መንጋጋው ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ስለማይደርስ ነው። መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው በላይ እየዘለለ ይታገላል። አዛውንቱ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረኝ ውኃውን መመልከት ነበር፦ ትልቅ ድንጋይ ወራጁን ለሁለት ሲከፍለው ከጀርባው ጸጥ ያለ ውኃ ይፈጠራል፤ ዓሣውም ጉልበቱን ላለመጨረስ በጸጥታው ጠርዝ ላይ ቆሞ ወራጁ የሚያመጣለትን ይጠብቃል። መንጠቆ የሚጣለው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ባስ በሸናንዶዋም ሆነ ሸናንዶዋ በሚገባበት በፖቶማክ ወንዝ ነባር አይደለም። የትውልድ ቦታው የኦሃዮ ወንዝና የታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ሲሆን፣ በ1854 እ.ኤ.አ. ጥቂት ዓሦች ቀዳዳ በበዛበት ባልዲ ውስጥ ገብተው፣ ባልዲውም በባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር መስመር በሚሄድ ባቡር የውኃ ታንክ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ ተራሮቹን ተሻግረው ከምበርላንድ ከተማ አጠገብ ተለቀቁ፤ ከዚያም በአካባቢው ወንዞች ሁሉ ተባዙ። ከሩቅ አገር ሄዶ በዚያው ውኃ ዳር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። ልጄን 6 ዓመት ሲሞላው ይዤው መሄድ ጀመርሁ፤ በቨርጂኒያ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅበትም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኝ የነበረው ልጅ ወንዝ ዳር ግን መንጠቆ፣ ትል፣ ሲባጎ፣ ወራጅ፣ ጥልቅ እያለ ያወራኝ ነበር፤ ሌላ ስም ሳያውቅላቸው በፊት በአማርኛ የተማራቸው ቃላት እነዚህ ናቸውና። ከዕለታት አንድ ቀን «አባባ ባደጉበት ወንዝ ውስጥ ያለው ዓሣ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ወደ ወሎ የወሰደን ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ የሄድነው ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐይቅ ነበር። አጎቴ ልጄን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ወዳቆሙበት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ አሳየው፤ እኔና አባቴ በዳርቻው ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ከሰዓት በኋላ ከአጥማጆች ቀረሶ ገዛን። ዛሬ የሐይቅ ዓሣ ሲባል በሰው ሁሉ ልብ የሚመጣው ቀረሶ ራሱ፣ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ እንደ ሆነ ስነግረው ልጄ ወዲያው «በባቡር ነው የመጣው?» አለኝ። በመንጠቆ የሞከርነው ግን ብዙም አልቀናንም፤ በዚያ ሐይቅ ያለ ታንኳና ያለ መረብ ከዳር ቆሞ መድከም ጥቅሙ ትንሽ ነው። የልጄም ልብ ወራጅ ውኃ ላይ ነበር።

ወደ በሽሎ የሚወርደው መንገድ ከደጋው ብርድ አውጥቶ ወደ ቆላው ሙቀት የሚያስገባ ጠመዝማዛ ነው። ከኩታበር ስንነሣ ጋቢ ተከናንበው የነበሩት አባቴ ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ እጀጌያቸውን ሰብስበው ነበር። አጎቴ መንገዱን ሁሉ ለልጄ ሲተርክለት ወረደ፦ ይህ ወንዝ ወደ ዓባይ እንደሚገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ይህንኑ ወንዝ እንዳሻገሩት፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ከዚሁ ወንዝ እንደ ተሻገረ። ልጄ በትሕትና ያዳምጥ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከታች በሚታየው ድንጋያማ ውኃ ላይ ተተክሎ እንደ ቀረ አይቻለሁ።

በክረምት አፈር ተሸክሞ ቀይ የሚሆነው በሽሎ በጥር ጠርቶና ተሰብስቦ ነው የሚገኘው። በብዙ ቦታ ጠጠሩ ይታያል፤ ውኃው በትልልቅ ድንጋዮች መካከል እየጠበበ ከወረደ በኋላ አረንጓዴ የመሰለ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ያርፋል፤ ከገንዳው ወጥቶ እንደገና በጠጠሩ ላይ ይሳሳል። ሽናንዶዋን የሚያውቅ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። ልጄ ምንም ሳልነግረው አንድ ትልቅ ድንጋይ መርጦ ከበታቹ ቆመና ወራጁና ጸጥታው የሚገናኙበትን ጠርዝ በጣቱ አሳየኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

በበሽሎ ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባለው ዓይነት ከባስ ጋር ዝምድና የለውም። ከአፉ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት የስሜት ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ የሚፈጭበት ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ትልን፣ ነፍሳትን፣ የተክል ፍርፋሪን፣ አንዳንዱም ትናንሽ ዓሣን ይበላል። የሚመሳሰሉት በቆሙበት ቦታና በጉልበታቸው ነው። በመጀመሪያ የያዘው ዓሣ የልጄን ዘንግ ቀስት አስመስሎ አጎበጠው፤ እንደ ባስ ወደ ላይ ሳይዘልል ወደ ታች ወርዶ በድንጋዮቹ መካከል ገባና ክሩን በጥሶ ሄደ። ልጄ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለባስ የለመድሁትን ቀጭን ክር ለበሽሎ ድንጋይ ማዘጋጀቴ አለመጠንቀቅ ነው። ወደ እንደዚህ ያለ ወንዝ የሚወርድ ሰው ጠንከር ያለ ክር ይያዝ።

አባቴ ዘንግ አልያዙም። ከሾላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጋብዙን የነበረው ወሬ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በልጅነታቸው አምባሰል ውስጥ ከብት ሲጠብቁ ከእረኞች ጋር ዓሣ የሚይዙት በብርብራ ነበር። የብርብራን ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው በገንዳው ራስ ላይ ሲበትኑት ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልጆቹም በእጃቸው ይለቅማሉ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣው አካል ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያደርግ ነው እንዲህ የሚሆነው። «ውኃው ነጭ ሆነ» አሉ አባቴ፤ «የምንችለውን ያህል በቅጠል ጠቅልለን ወሰድን። የቀረውን ማን ይብላው? ጣት የምታህለው ሳትቀር ሆዷን ገልብጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን በዚያ በኩል ማለፍ አቃተን፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያ ገንዳ አንድ ዓሣ አላየንም።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ተከልክሏል፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ልማድ ከአንድ ሽማግሌ ምስክርነት የበለጠ ክልከላ ያለ አይመስለኝም፤ አያቶች ይህን ለልጅ ልጆቻቸው ቢነግሩ ወንዞቻችን ይጠቀማሉ።

ረፋድ ላይ ልጄ አንድ ነጭ ዓሣ ይዞ ወደ ዳር አወጣ። እንደ ልማዱ እጁን አርሶ፣ መንጠቆውን ነቅሎ፣ ዓሣውን መልሶ ወደ ውኃ ሊለቀው ሲል አባቴ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምን ማድረግህ ነው ልጄ?»

«እየለቀቅሁት ነው፣ አባባ።»

«ልትበላው ካልሆነ ለምን ያዝኸው? በነፍስ መጫወት ሐራም ነው።»

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ለአባቴ በአክብሮት ለማስረዳት ሞከርሁ፦ በሽናንዶዋ በጸደይ ወራት ወንዱ ባስ በጠጠር መካከል ጎጆ ቆፍሮ፣ ሴቷ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ ብቻውን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ አጥማጁ ወንዱን ከወሰደው ትናንሽ ዓሦች መጥተው ዕንቁላሉን እንደሚጨርሱት፣ ስለዚህም ብዙ አጥማጆች የያዙትን እንደሚለቅቁ ነገርኋቸው። አባቴ እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ «እንግዲያስ ልጁን በሚያሳድግበት ወር ለምን ትሄዳለህ?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ለዓመታት ስለቀቅሁ ለዓሣው ያዘንሁለት ይመስለኝ ነበር፤ መንጠቆ አፉ ውስጥ ሆኖ ከጎጆው ርቆ የሚታገልባቸውን ደቂቃዎች ግን ከቁጥር አላስገባሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባስ ጎጆ በሚይዝባቸው ሳምንታት ወደ ወንዝ አልወጣም። በበሽሎ በኩል ያለው ስጋት በጥር ቀላል ነው፤ የነጭ ዓሣ ወገኖች ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጠጠራማው ውኃ የሚወጡት በክረምት ነው። በዚያ ቀን ለአምስት ሰው የሚበቃ ብቻ ለመያዝ፣ ከበቃንም በኋላ ዘንጎቹን ለማጠፍ ተስማማን። ልጄ ያንኑ ዓሣ በአያቱ እጅ ላይ አኖረው።

እስከ ቀትር አራት ነጭ ዓሣ ያዝን፤ አጎቴ ደግሞ ገንዳው ውስጥ በትል አንድ ጎልማሳ አምባዛ አወጣ፣ እያንሸራተተውም ሁለት ጊዜ ወደ ውኃው ሊመለስበት ነበር። ነጭ ዓሣ በሥጋው መካከል የተሰገሰገ ቀጭን አጥንት ስለሚበዛበት ጎኑን በስል ቢላዋ አቀራርቦ መተልተል ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ሲግል በትልተላው ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ያደርቀዋል። አጎቴ በሦስት ድንጋይ ላይ እሳት አነደደ፣ እኔ ተለተልሁ፣ ልጄ ጨውና ሚጥሚጣ አሸ።

ወሎ ውስጥ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። የአባቴ ወገን እስላም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ስለሆነ በሠርግም ሆነ በሐዘን ቤት ሁለት ከብት ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ዘመድ እየተፋቀረና እየተጎራረሰ ያደገ ሆኖ ሳለ ሥጋ ሲቀርብ ወደየማዕዱ ይለያያል። በእናቴ የቀብር ሰሞን አባቴና አጎቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሁለት ሳሕን ሲበሉ ማየቴን አስታውሳለሁ። ዓሣ ግን አይታረድም። የማን ቢላዋ ነካው ተብሎ አይጠየቅም። አባቴ ቢስሚላህ አሉ፣ አጎቴ አማተበ፣ ከአንድ ትሪ በላን። አባቴ ከአምባዛው ወፍራሙን ቆርሰው ለአጎቴ አጎረሱት፤ እርሱም ከነጭ ዓሣው አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ መልሶ አጎረሳቸው። ልጄ የዚህን ትርጉም በዚያን ጊዜ አላወቀም፤ እኔ ግን ለመነሣት ሰበብ ፈልጌ እጄን ለመታጠብ ወደ ወንዙ ወረድሁ።

ወደ አሜሪካ ስንመለስ አንደኛውን ዘንግ ለአጎቴ ትተንለት መጣን። ጥቅምት ላይ ውኃው ከጠራ በኋላ ስልክ ደወለልኝ፤ አባቴን ይዟቸው ወርዶ እንደ ነበር፣ እርሳቸውም በዚህኛው ጊዜ ክር በእንጨት ላይ ጠቅልለው በእጃቸው እንደ ጣሉ፣ የተውንላቸው መንጠቆ ግን ለነጭ ዓሣ አፍ ትልቅ እንደ ሆነባቸው ነገረኝ። ልጄ ይህን ሲሰማ ሣጥኑን አምጥቶ ከትናንሾቹ ሃያ ቆጠረና በወረቀት ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ በአማርኛ «ለአባባ» ብሎ ጻፈበት።