ጌጁ 15 እያለ ያልሞተው ስፖር

አንድ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ከተተከለ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። በማሽኑ ካለፈ በኋላ ሳህን ውስጥ የተቀዳው አጋር (ጀርም የሚያድግበት ጄሊ) ማንም ምንም ሳይዘራበት ኮሎኒ (የጀርም ክምችት) ማብቀል ጀመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሰው ነው፤ ክዳን ከፍቶ የረሳ አለ ተባለ። ቀጥሎ የአጋሩ ዱቄት ተጠረጠረ። ማሽኑን የጠረጠረ አልነበረም። የግፊት መለኪያው ጌጅ በየዙሩ 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ላይ ቆሞ 15 ደቂቃውን ይጨርሳል፣ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው ቴፕም ጥቁር መስመሩን ያወጣል።

ቴፑ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው ሙቀት እንዳገኘው እንጂ ጀርሙ መሞቱን አይመሰክርም። ስለዚህ የስፖር (ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) አምፑል ገባ፤ ሙቀትን በብርቱ የሚቋቋመው ጂኦባሲለስ ስቴሮቴርሞፊለስ ያለበት፣ ወይን ጠጅ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ብልቃጥ ነው። ከዙሩ በኋላ በ56 ዲግሪ ኢንኪውቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይ ሳጥን) ውስጥ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ቀለሙ ካልተለወጠ ስፖሩ ሞቷል፤ ቢጫ ከሆነ አልሞተም። በማግስቱ ጠዋት ቢጫ ሆኖ ተገኘ።

ላቦራቶሪው ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ላይ ነው፤ የማሽኑ መመሪያ ደግሞ ባሕር ጠለልን አስቦ የተጻፈ ነው። ጌጅ የሚለካው በውስጥና በውጭ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ብቻ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ዜሮ የሚያሳየውም ለዚህ እንጂ ውስጡ ግፊት ስለሌለ አይደለም። የእንፋሎቱን ሙቀት የሚወስነው ግን ድምሩ ነው፦ የጌጁ ንባብ ሲደመር የአካባቢው አየር ግፊት። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ 101 ኪሎፓስካል ያዋጣል፤ 15 ፒኤስአይ 103 ነው፤ ድምሩ 204፣ ሙቀቱም 121 ዲግሪ። 2400 ሜትር ላይ የአየሩ መዋጮ ወደ 76 ይወርዳል። ድምሩ 179 ይሆናል፣ ሙቀቱም 117 አካባቢ ይቀራል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለዚህ ስፖር ግን ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የመግደያው ጊዜ 10 እጥፍ ይረዝማል ተብሎ ነው የሚሰላው። በዚህ ስሌት 117 ላይ የቆየው 15 ደቂቃ በ121 ዲግሪ ቢለካ 6 ደቂቃ ብቻ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ማራዘም ነው፤ ነገር ግን ስኳር ያለበት ሚዲያ (የጀርም ማሳደጊያ ምግብ) ይጠቁራል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ግማሽ ፒኤስአይ መጨመር ነው፤ ለ2400 ሜትር 4 ይሆናል፣ ጌጁም 19 ላይ ይያዛል። ከዚያ በፊት ማሽኑ የሚፈቅደው ከፍተኛ ግፊት ከጀርባ ካለው ሰሌዳ ላይ ይነበባል። ሴፍቲ ቫልቩ ከ19 በታች የሚተነፍስ ከሆነ ጊዜውን ማራዘም ነው እንጂ ቫልቩን ማጥበቅ በፍጹም አይሞከርም። በሙቀት ሴንሰር የሚሠሩት ማሽኖች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ሴንሰሩ 121 ካላየ ደቂቃ መቁጠር አይጀምሩም።

እዚህ ማሽን ላይ ሰሌዳው 19ን ስለፈቀደ ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ። የአየር ማስወጫው ተከፍቶ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ 10 ደቂቃ እንዲወጣ ተደረገ፤ አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁን ከፍ ያደርገዋል፣ ሙቀቱ ግን አብሮ አይወጣም። የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትርም በጠርሙሶቹ መሃል ገባ። ሲወጣ 121 ያሳያል።

ጠርሙሶቹ ከ80 ዲግሪ በታች እስኪበርዱ ክዳኑ አልተከፈተም። 92 ላይ በሚፈላበት ቦታ ጌጁ ዜሮ ስላለ ብቻ መክፈት አጋሩን አገንፍሎ እጅ ላይ ማፍሰስ ነው።

የዚያ ዙር አምፑል በሁለተኛውም ቀን ወይን ጠጅ እንደሆነ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠው፣ አውቶክሌቭ ያልገባው ማነጻጸሪያ ቢጫ ሆኗል፤ እሱም ባይለወጥ ኖሮ ኢንኪውቤተሩ ወይም አምፑሎቹ ራሳቸው ይጠረጠሩ ነበር።