«ማማ» ብዬ ተከሰስኩ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) በሲኤንኤነት፣ ማለትም በረዳት ነርስነት፣ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስከ ዛሬ ቢሮ የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ በረዶ ጥሎ ስላረፈድኩ፣ አንዴ ደግሞ ሰው ስላከበርኩ።

የሁለተኛውን ላውራችሁ። አዲስ የገቡ ሴትዮ ነበሩ፤ ዘጠናን ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት «ጉድ ሞርኒንግ ማማ» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል? እናቴን የሚያህሉ ሰው በባዶ ስማቸው ልጥራ? ዝም አሉኝ። ጆሯቸው ከብዶ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ቅሬታ አስገባች።

ሱፐርቫይዘሬ የምዕራብ አፍሪካ ሰው ናት። ትልቅ ሴት «ማማ» ስትባል ምን ማለት እንደሆነ አታጣውም። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን ወደኔ አዙራ «ዲግኒቲ» አለችኝ። ፈርሜ ወጣሁ።

ዲግኒቲ፣ ክብር ማለት ነው፣ የምትባለውን ቃል እዚህ ሥራ ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ነርሲንግ ሆም የሚኖሩ ሰዎች መብት አላቸው፣ በክብር ይያዙ የሚል። ከሱ ሥር የተጻፈው መመሪያ ታዲያ እስከ ምላሳችን ድረስ ይወርዳል። ሰውን ራሱ በመረጠው ስም ጥሩት። ሰው የሚያጎርሳቸውን «ፊደር» አትበሉ። ስታጎርሱም አናታቸው ላይ አትቁሙ፣ ተቀመጡ። ይቺን የመጨረሻዋን ወድጃታለሁ፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ማጉረስና ከላይ ሆኖ ማንኪያ መክተት አንድ አይደለም። «ፊደር» ለምን እንደሚያስቀይም ግን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እኛ ዘንድ የሚታዘነው ለጎረሰ ሳይሆን የሚያጎርሰው ላጣ ሰው ነዋ!

የኛ ነርሲንግ ሆም ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ሲበሉ ደረታቸው ላይ የምናስረው ጨርቅ «ቢብ» አይባልም፣ የሕፃን ነው፤ «ክሎዚንግ ፕሮቴክተር» (የልብስ መከላከያ) በሉ። «ዳይፐር» አይባልም፤ «ብሪፍ» (የውስጥ ሱሪ እንደማለት) በሉ። አንዷ ጓደኛችን በትሬኒንጉ ላይ ምላሷ ተሳስሮ «ክሎዚንግ ፕሮፌሰር» ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ ወዲህ ሐበሾቹ እርስ በርስ «እስቲ ፕሮፌሰሩን አቀብይኝ» ነው የምንባባለው። (አማርኛ ማውራትም በነዋሪ ፊት ክልክል ነው፤ በሹክሹክታ ነው።)

የሚያናድደኝ ስሙ መለወጡ አይደለም። በጠዋት ሺፍት አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አንድ ሰው ይደርሰኛል። ሁሉም ታጥበው፣ ለብሰው፣ ቁርስ መቅረብ አለባቸው። አንዱን በሊፍት፣ በሰው ማንሻው ማሽን፣ ከአልጋ እያነሳሁ ሌላው ደወል ይጫናል። ሽንት ቤት ውሰዱኝ ነው። ጥዬ አልሄድ፣ የያዝኩት ሰው አየር ላይ ነው። ስደርስ ሃያ ደቂቃ አልፏል፣ አምልጧቸዋል፣ ያለቅሳሉ። የለበሱት ነገር ዳይፐር ተባለ ብሪፍ ተባለ፣ እርጥብ ነው። ቃል መለወጥ የአንድ ሰዓት ትሬኒንግና ሁለት ካርቶን ፒዛ ነው የሚፈጀው። አንድ ሠራተኛ መጨመር ግን ደመወዝ ይፈጃል። ክብር ክብር እያሉ ሲያስፈርሙኝ ሆዴን የሚበላኝ ይኼ ነው።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ከተከሰስኩ በኋላ «ሚስስ» ብዬ የቤተሰብ ስማቸውን አስከትዬ መጥራት ጀመርኩ። ከልቤ ግን አልነበረም፤ ቃሏን እንደ መራራ ክኒን ነበር የምተፋት። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። አንድ እሑድ ከሰዓት ፀጉራቸውን ቅባት እየቀባሁ ስጎነጉንላቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ «ተቀይመሽኛል አይደል?» አሉኝ።

የተወለዱት አላባማ ነው። እናታቸው ለነጮች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ ልጆቻቸውንም ያሳድጉ ነበር። ያሳደጓቸው ልጆች «አክስቴ» ይሏቸዋል፣ ሌላው ነጭ ደግሞ በባዶ ስማቸው ይጠራቸዋል። ሱቅ ሲገቡ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ነጭ ልጅ «ሚስ» ትባላለች፤ ስድስት የወለዱት እናታቸው ግን «አክስቴ፣ ምን ፈለግሽ?» ናቸው። አክስትነቱ የፍቅር አልነበረም። «ሚስስ» ላለማለት የተገኘ መላ ነበር።

ከዚያ ሜሪ ሃሚልተን ስለምትባል ሴት ነገሩኝ። ቤት ገብቼ ስፈልግ እውነት ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ1963 አላባማ ውስጥ ጋድስደን በምትባል ከተማ ፍርድ ቤት ቀርባ፣ ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» እያለ ሲጠይቃት፣ «ሚስ ሃሚልተን» ካልተባልኩ አልመልስም አለች። ነጭ ምስክር «ሚስ» እየተባለ ነው የሚጠየቀው። ዳኛው ፍርድ ቤት ደፈርሽ ብሎ 5 ቀን እስርና 50 ዶላር ፈረደባት። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ተሻረላት። ስለ አንዲት «ሚስ»!

«እናቴ ሚስስ ሳትባል ሞተች» አሉኝ ሴትዮዋ። «እኔ ግን ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ተብያለሁ። አሁን አልጋ ላይ ስወድቅ ነው የምትወስጂብኝ?»

«በኛ አገር እኮ ማክበር ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። አፌ ውስጥ ቀረ።

ጉለሌ እያለን ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥ ሠራተኛ ነበረችን። እሷን ማን እማማ አላት? እማማ የሚባሉት ጎረቤት ያሉት ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ የምትባለው የእናቴ ጓደኛ ናት። እሷን ጥርሳችንን ያልነቀልን ልጆች በስሟ ነበር የምንጠራት። «አንቺ፣ ጫማዬን የት አደረግሽው?» «አንቺ፣ ውሃ አምጪ።» እሷ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመቱን ወንድሜን «ጋሼ» ነበር የምትለው። ማንም አላዘዛትም፣ ማንምም ተይ አላላትም። ሃይማኖተኛ ቤት ነበር እኮ፤ በልታ ጠግባ፣ በዓመት በዓል ቀሚስ ተገዝቶላት። አንቱ ማለት ግን ለማን እንደሚገባ ሳንማር እናውቀው ነበር።

ይህን ስል «ክሎዚንግ ፕሮቴክተር» ተዋጠልኝ እንዳይመስላችሁ። እሱ አሁንም ፕሮፌሰር ነው።

የሴትዮዋን ፀጉር ጨርሼ፣ «ሚስስ» ብዬ ጠርቼ፣ መስታወቱን አቀበልኳቸው። ማታ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ። ያቺ ሠራተኛችን በሕይወት እንደሌለች አውቃለሁ። የጠየቅኳት ሌላ ነው፤ የአባቷ ስም ማን ነበር?

እህቴ ትንሽ አሰበች። «የአባቷን ስም…» አለች። እናታችንን ጠየቀቻቸው፣ ከጀርባ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ወንድማችንንም በሌላ ስልክ ደወለችለት። ከእኛ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች።

«ማናችንም አናውቀውም» አለችኝ ተመልሳ። «ለምንድን ነው የፈለግሽው?»