ጎጃም ውስጥ ካሽ ፍለጋ፦ ፊርማው ሜዳ ላይ፣ ሎጉ ከተማ ሲገባ

ጂኦካሺንግ፣ ሌላ ሰው የደበቀውን ዕቃ (ካሽ) በጂፒኤስ የመፈለግ ጨዋታ፣ ለማያውቅ ሰው ከባዱ ነገር የተደበቀውን ዕቃ ማግኘት ይመስለዋል። ጎጃም ውስጥ ግን ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዕቃው ተገኝቶ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ሎጉ፣ ማለትም አገኘሁ ተብሎ በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ የሚመዘገበው ጽሑፍ፣ አልላክ ይላል፤ ተላከ ሲባል ሁለት ሆኖ ይገባል፤ ቀኑ ይዛባል፤ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የምሠራበት መንገድ ሥራውን ለሦስት መክፈል ነው። ኢንተርኔት የሚፈልገውን ሁሉ ከቤት ሳልወጣ እጨርሳለሁ፤ ቦታው ላይ ምንም አልልክም፤ ሎጉን ደህና ኔትወርክ ያለበት ከተማ ገብቼ፣ ተቀምጬ እልካለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ፦ የአሜሪካ መንግሥት በጂፒኤስ ሲግናል ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስህተት ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. አነሣ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ቦታውን በቁጥር አሳወቀ። ጨዋታው እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ቁጥሩን ይዞ መሄድ፣ ዕቃውን ማግኘት፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ መፈረም፣ ዕቃውን እንደነበረ መልሶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ድረ ገጹ ላይ መመዝገብ።

ከቤት እንጀምር። አዲስ አካውንት የከፈተ ሰው በኢሜይል የሚላክለትን ማረጋገጫ ሳይጫን ሜዳ ከወጣ ሎግ ማድረግ አይችልም፤ ይህን አስቀድሞ መጨረስ ነው። የጨዋታው ዋና አፕ የካሽ ዝርዝር አውርዶ ያለ ኔትወርክ ለመጠቀም የሚከፈልበትን አባልነት ይጠይቃል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በብር ካርድ አይሆንም። ስለዚህ አንድሮይድ ላይ የምጠቀመው ሲ ጂኦ የሚባለውን ነጻ አፕ ነው። በሲ ጂኦ የምፈልጋቸውን ካሾች አንድ በአንድ ከፍቼ ስልኩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ መግለጫው፣ ፍንጩና የቆዩት ሎጎች አብረው ይቀመጣሉ። የኦፕንስትሪትማፕ ካርታንም እዚያው አፕ ውስጥ ማውረድ ይቻላል። ካወረድኩ በኋላ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጌ እያንዳንዱን ካሽ እከፍታለሁ፤ ያልተከፈተ ካለ ቤት ሳለሁ ባውቀው ይሻላል። ሲ ጂኦ የሚሠራው ድረ ገጹን እያነበበ ስለሆነ ገጹ በተለወጠ ቁጥር አንዳንድ ነገሩ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጉዞ ሲቃረብ አዲሱን ስሪት መጫን ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚስተው ኮኦርዲኔት (የቦታው ቁጥር) ላይ ነው። ድረ ገጹ የሚጠቀመው ዲግሪና አስርዮሽ ያለው ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ ሰሜን 11° 36.500 ማለት 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ተኩል ነው። ይህን 36 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ብሎ የሞላ ሰው 20 ሰከንድ ጨምሯል፤ ያ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይወስደዋል። ጉግል ማፕ ደግሞ ዲግሪውን በአስርዮሽ ነው የሚሰጠው፤ 37.3833 ካለ ከነጥብ በኋላ ያለውን በ60 ማባዛት ነው፤ 0.3833 በ60 ሲባዛ 22.998 ስለሚሰጥ፣ ምሥራቅ 37° 22.998 ይሆናል። አንድ ሺኛ ደቂቃ እኛ አገር ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሦስቱንም አኃዝ መያዝ ያስፈልጋል። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት ሆኖ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ነጥቡ በአራት ነጥብ እንዳይተካበት ይጠንቀቅ፤ አፑ አይቀበለውም፣ ምክንያቱንም አይናገርም።

ሌላው ወጥመድ የድሮ ወረቀት ካርታ ነው። 1፡50,000 የሆኑት ቆየት ያሉ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ጂፒኤስና ጂኦካሺንግ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። ከካርታው ላይ የተነበበ ቁጥር ሳይለወጥ ስልክ ውስጥ ከገባ ከመቶ ሜትር በላይ ያስታል። ወንዝ ዳር ላይ ይህ ማለት ማዶ መሻገር ሊሆን ይችላል።

ወደ ሜዳው ስንመጣ፣ ስልክ ዳታ ሲኖረው የሳተላይቶቹን መረጃ ከኢንተርኔት ይወስዳል፤ ዳታ ከሌለ ከራሱ ከሳተላይቱ መቀበል አለበት። አንዱ ሳተላይት ይህን መረጃ የሚያስተላልፈው በ30 ሰከንድ ዙር ነው፤ መሐል ላይ ሲግናሉ ከተቋረጠ እንደገና ይጀመራል። ለዚህ ነው ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቁልቁል እየወረደ ጂፒኤሱ አልነሣ የሚለው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ከላይ፣ ሰማዩ ሰፊ ከሆነበት፣ ጂፒኤሱን ከፍቼ ለደቂቃዎች ስልኩን ሳላንቀሳቅስ እቆያለሁ። ታች ከተወረደ በኋላ ገደሉ የሰማዩን ግማሽ ይሸፍናል፤ የቀረው ሲግናልም ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ስለሚመጣ ስልኩ ላይ ወደ ዕቃው የሚያመለክተው ቀስት ወዲህና ወዲያ ይዘላል። ሙቀቱም አለ፤ ፀሐይ ላይ የተያዘ ስልክ መብራቱን ይቀንሳል፣ ቻርጅም አልቀበልም ይላል። የዘጌ ቡና ደን ውስጥም ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ሲል ስህተቱ ከ5 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሊያድግ ይችላል።

ሰዓትም ይለያል። ኢትዮጵያ የምትገኘው በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተባለውን የሕዋና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ ያቋቋመውም አዮኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን ከባቢ አየር ለማጥናት ነው። ፀሐይ ከገባች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ አዮኖስፌር ይናወጥና የጂፒኤስ ሲግናል ይቆራረጣል። ከቀትር በኋላም ስህተቱ ከጠዋቱ ይበልጣል። ኤል 1 እና ኤል 5 የሚባሉትን ሁለቱንም ሞገድ የሚቀበል ስልክ የቀትሩን ስህተት በደንብ ይቀንሰዋል። የማታውን መናወጥ ግን ማንኛውም ስልክ ሙሉ በሙሉ አያመልጠውም። የእኔ ምርጫ ጠዋት ነው።

ከዒላማው 15 ሜትር ሲቀረኝ ቀስቱን ማየት አቆማለሁ። ከሦስት አቅጣጫ ቀረብ ብዬ ስልኩ ዜሮ የሚልባቸውን ቦታዎች አስተያያለሁ፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ በመሐላቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይን ነው የሚሠራው፦ ሰው ሠርቶ የደረደረው የሚመስል ድንጋይ፣ የሥር ጉድጓድ፣ የግንብ ስንጥቅ። ብረት ድልድይ አጠገብ የስልክ ኮምፓስ ይዋሻል፤ እርምጃ ሄዶ አቅጣጫ ማየት ይሻላል።

ሰው የሌለበት ሜዳ ጎጃም ውስጥ የለም። ስልክ እያየ ቁጥቋጦ የሚፈትሽ እንግዳ በዚህ ዘመን ጥርጣሬ ያስነሣል፣ ቢያስነሣም አይፈረድም። ማሳው ጫፍ ላይ የቆሙ አባት ካሉ ቀድሜ “እንደምን ዋሉ አባቴ፣ በዚህ በኩል ማለፍ ይቻላል?” እላቸዋለሁ፤ ምን እንደምፈልግም በግልጽ እናገራለሁ። ተደብቆ መፈለግ የሚለው የጨዋታው ወግ እዚህ አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ድልድይ ሥር፣ ካምፕ አጠገብ የተቀመጠ ቁጥር ካየሁ እተወዋለሁ። የጸጥታው ሁኔታ ካልታወቀ ጉዞው ራሱ ይቅር።

ዕቃው ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱ። ክረምት ያለፈበት ወረቀት እርጥብ ነው፤ እስክሪብቶ አይጽፍበትም፣ እርሳስ ይጽፋል። ስም፣ ቀን፣ በቃ። ከዚያ የፈረምኩበትን ገጽ ፎቶ አነሣለሁ፤ ፊርማ የሌለበትን ሎግ የካሹ ባለቤት የመሰረዝ መብት ስላለው፣ ወረቀቱ በኋላ ቢበሰብስ ወይም ቢጠፋ ማስረጃው ፎቶው ነው። ያኔውኑ ሲ ጂኦ ላይ ሎጉን ከፍቼ ጽፌ ሳልልከው አስቀምጠዋለሁ፤ በዋናው አፕ ድራፍት (ያልተላከ ረቂቅ) ማድረግ ማለት ነው። የካሹን መለያ የሆነውን የጂሲ ቁጥሩንና ሰዓቱን ማስታወሻ ደብተር ላይም እጽፋለሁ፤ ስልክ ሲጠፋ ድራፍት አብሮ ይጠፋልና።

አሁን መላኩ። በደካማ ኔትወርክ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ላክ የሚለው ሲጫን ጽሑፉ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል፣ “ደርሷል” የሚለው መልስ ግን ሳይመለስ መስመሩ ይቋረጣል። ስልኩ አልተላከም ይላል፣ ሰውየው ደግሞ ይጫናል፣ ሎጉ ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ “አልተላከም” የሚል ሳይ ዳግመኛ አልጫንም፤ የካሹን ገጽ በብራውዘር ከፍቼ ስሜ መኖሩን አያለሁ። ሁለት ከገባ አንዱን መሰረዝ ቀላል ነው፤ ፎቶ የተያያዘበትን ላለመሰረዝ ብቻ መጠንቀቅ። ፎቶን ከጽሑፉ ጋር አብሬ አልልክም። መጀመሪያ ጽሑፉ ይግባ፤ ከዚያ ፎቶው ረጅም ጎኑ 1000 ፒክስል አካባቢ እስኪሆን ድረስ ተቀንሶ፣ ጄፔግ ሆኖ፣ ለብቻው ይግባ። አራትና አምስት ሜጋባይት ያለው ፎቶ ነው አብዛኛውን ሎግ የሚያስቀረው።

ቀኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11፣ 2024 ነው። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን ስለሚዛነፍ በቃል ማስላት ያስታል፤ የስልኩን የቀን መለወጫ መጠቀም ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ሎጉ ከሌሎቹ ሁሉ ሥር ይቀበራል። በተጨማሪ፣ ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ያለበት ሲያትል ከእኛ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እኛ ጋ ሲነጋ እነሱ ገና ትናንት ላይ ናቸው። በራሱ የተሞላውን ቀን ሳላይ የምልከው ሎግ የለም።

ጋርሚን የሚባለው የእጅ ጂፒኤስ መሣሪያ ያለው ሰው ሦስተኛ ሰዓት ይገጥመዋል። መሣሪያው የተገኙትን ጂኦካሽ ቪዚትስ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ የሚጽፈው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት ነው። በእኛ ከቀኑ 9፡20 የተፈረመ፣ በፈረንጅ 15፡20 ነው፤ ፋይሉ ላይ 12፡20 ይላል። ትክክል ስለሆነ አይነካ። ፋይሉ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይጸዳም፤ ባለፈው የተላከው በሚቀጥለውም አብሮ ይወጣል። ድራፍት መጫኛው ገጽ ላይ ከዚህ ቀን በፊት ያለውን ተው የሚለውን ምርጫ ምልክት ማድረግ፣ ወይም ከተሳካ በኋላ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ቀድቶ ከመሣሪያው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው አዲስ ይፈጥራል። ፋይሉ የሚቀመጠው ዩቲኤፍ 16 በሚባለው የፊደል ኮድ ነው። ኖትፓድ ላይ ከፍቶ አማርኛ ጨምሮ፣ አማርኛ በማያውቀው አንሲ በሚለው ኮድ ያስቀመጠ ሰው ፊደሉ ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። እኔ ፋይሉን እንዳለ ጭኜ አማርኛውን ድረ ገጹ ላይ እጽፋለሁ።

አማርኛ ሎግ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ገደቡ 4000 ቁምፊ ነው። አንድ መስመር በቁጥርና በነጥብ ከጀመረ ገጹ ዝርዝር አድርጎ ይወስደዋል፣ ኮከብ ምልክትም ጽሑፉን ያጋድማል ወይም ያደምቃል፤ ያልታሰበ ቅርጽ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍንጭ ለሚጽፍ ሰው ግን አንድ ነገር፦ ፍንጩን የሚሰውረው ሮት 13 የሚባለው ዘዴ የላቲን ፊደላትን ብቻ በ13 ቦታ የሚያዟዙር ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፍንጭ ምንም ሳይሰወር ገሃድ ይታያል። እንዲደበቅ የሚፈልግ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጻፈው።

ካሽ ለማስቀመጥ ያሰበ ደግሞ የዕቃውን ምርጫ ያስብበት። ክዳን ያለው ጥሩ ፕላስቲክ ገጠር ውስጥ ለበርበሬም ለቅቤም የሚፈለግ ዕቃ ነው፤ ልጆች ቢወስዱት አይደንቅም። ሌላ አገር የሚወደደው የጥይት ሣጥን እዚህ ፈጽሞ አይታሰብም። ትንሽ፣ የማያጓጓ፣ ውኃ የማያስገባ ይሁን፤ ምስጥ ወረቀት ስለሚበላ መሬት ላይ አይቀመጥ። መሬት ቆፍሮ መቅበርም ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ በደንቡ ክልክል ነው፤ ከሌላ ካሽ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፤ በየጊዜው ሄዶ ማየት የማይችል ሰው፣ ለጉብኝት የመጣ እንግዳ ለምሳሌ፣ ባያስቀምጥ ይሻላል። ዕቃ ለማይበረክትበት ቦታ እርዝካሽ የሚባለው ዓይነት ይስማማል፤ ዕቃ የለውም፣ ጎብኚው ቦታውን አይቶ ስለ አፈጣጠሩ የተጠየቀውን በመልእክት ለባለቤቱ ይመልሳል። በእንጅባራ አቅራቢያ ያለው ዘንገና፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኛ ሐይቅ ስለሆነ፣ ለዚህ የተፈጠረ ነው። መልሱ ከተላከ ማረጋገጫ ሳይጠብቁ ሎግ ማድረግ ይቻላል።

ዕቃው በቦታው ከሌለ “ዲድንት ፋይንድ ኢት” (አላገኘሁትም) ብሎ መመዝገብ ነው፤ አያሳፍርም፣ ባለቤቱም ሄዶ እንዲያይ ይነግረዋል። በራስ ወረቀት ሌላ ብልቃጥ ተክቶ “አገኘሁ” ማለት ግን ቀጣዩን ፈላጊ ያሳስታል። ትራቭል በግ (ከካሽ ወደ ካሽ የሚዘዋወር፣ ቁጥር ያለው ብረት የተያያዘበት ዕቃ) የያዘም ቢሆን ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ ላይም ሎግ ላይም አያውጣው፤ ያን ቁጥር ያየ ሁሉ ነክቶት ሳያውቅ ሊመዘግብበት ይችላል። መጀመሪያ “ሪትሪቭ” (አነሣሁት)፣ ከዚያ “ድሮፕ” (አስቀመጥኩት) በትክክለኛው ቀን ቅደም ተከተል ይግባ፤ ቀኖቹ ከተገለባበጡ ካርታው ላይ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ባሕር ዳር ተመልሶ የሚዞር መስመር ይሠራል፤ ርቀቱም ይዛባል።